ፖርሽ 917፦ የሞቱ ትንኞች መኪናውን አዳኑት የሚባለው እውነት ነው?

ካንዴላ_24 (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሰሞኑን ስለ ሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ሳነብ ቆይቼ አንድ መኪና ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ፖርሽ 917።

በ1969 የፋብሪካው አሽከርካሪዎች ራሳቸው የሸሹት መኪና ነው። በ1970 ሌ ማንን አሸነፈ። በ1971 ደገመው። በመሀል ያለው የጥቂት ወራት ጉዳይ ነው። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ሻንሲውም ያው ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ሁሉም የሚያወራው የትንኝ ታሪክ ነው። አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ መኪናው ላይ የተለጠፉ የሞቱ ትንኞችን አይቶ በሽታው ገባው ይባላል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን ተረት ተረት ይሸተኛል። የምታውቁ ካላችሁ ከሥር ከመሠረቱ ጀምሩልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ እንዳንምታታ።)

---

ከሽቱትጋርት

ተረት አይደለም ወንድሜ። ግን ትንኙ ጋ ከመድረሳችን በፊት መኪናው ለምን እንደዚያ በጥድፊያ እንደተሠራ እንይ። ረዘም ስለሚል ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የሚጀምረው ከደንብ ነው። ከ1968 ጀምሮ የፕሮቶታይፕ መኪኖች (ለውድድር ብቻ የሚሠሩት) ሞተር ከ3 ሊትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጎን ለጎን ሌላ ምድብ ነበር። ቢያንስ 50 መኪና ለሠራ ፋብሪካ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል። ይህ የተተወው እንደ ፎርድ ጂቲ40 ላሉ ነባር መኪኖች ነው። ብዙም ሳይቆይ 50 የሚለው ወደ 25 ወረደ። ከዜሮ ተነስቶ 25 አዲስ የውድድር መኪና የሚሠራ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ፈርዲናንድ ፒኤሽ ግን መጣ። የፈርዲናንድ ፖርሽ የልጅ ልጅ ነው። ያኔ ገና የ31 ዓመት ሰው ነበር። ፖርሽ እስከዚያ ድረስ በትንንሽ ሞተር ከምድቡ እየበለጠ ይመለስ ነበር እንጂ የሌ ማንን ዋናውን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ፒኤሽ ይህ አንገበገበው። ሥራው በጁላይ 1968 ተጀመረ። ማርች 12 ቀን 1969 መኪናው በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ላይ ቆመ። ዋጋው 140,000 የጀርመን ማርክ ተባለ። ስምንት ወር! አንድ ቤት በስምንት ወር አያልቅም።

ከዚያ ተቆጣጣሪዎች ማርች 20 መጡ። ያለቁት 3 ብቻ ናቸው። 18ቱ እየተገጣጠሙ ነው። ለሌላ 7 የሚሆን ዕቃ አለ። ፖርሽ «ዕቃው ይኸው አለ፤ ቁጠሩት» አለ። እነሱ ግን 25 መኪና ቆሞ ካላየን ብለው ድርቅ አሉ።

ፋብሪካው ውስጥ የሰው ያለህ ተባለ። መፍቻ መያዝ የሚችል ሁሉ፣ ከቢሮ ሳይቀር፣ ወደ መገጣጠሚያው ተጠራ ይባላል። ኤፕሪል 21 ቀን 25 መኪኖች ዙፈንሀውዘን ፋብሪካ ፊት ለፊት ተደርድረው ጠበቁ። ፎቶውን ያላየ ፈልጎ ይየው። ልክ በመለኪያ እንደተሰመረ አፍንጫቸው አንድ ላይ ነው። ፒኤሽ እንግዶቹን የፈለጋችሁትን አስነስታችሁ ንዱ አላቸው። አንዱም አልነዳም።

---

ፈረስ_ጉልበት

የሞተሩን ነገር ለእኔ ተዉልኝ፤ ሆዴ አይችለውም።

ሀንስ ሜትስገር የሚባል መሐንዲስ የነደፈው ነው። 12 ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር፣ ጠፍጣፋ ቦክሰር። መጀመሪያ ላይ 520 ፈረስ ጉልበት አካባቢ ሰጠ። እና በአየር ነው የሚቀዘቅዘው! ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ። ሞተሩ አናት ላይ ትልቅ ቬንትሌተር አግድም ተኝቶ ከላይ ወደ ታች ይነፋበታል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው። በጠቅላላ 24 ካንዴላ። የክሩ ባለቤት ስሙን ከዚህ ያወጣው ይመስለኛል።

ክራንክሻፍቱ ደግሞ በጣም ረጅም ነው። ረጅም ዘንግ በአንድ ጫፉ ብቻ ጉልበት ሲወጣበት ይጠመዘዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። ሜትስገር ጉልበቱን ከጫፍ አላወጣም። ከመሀል በጥርስ አወጣው። ረጅሙን ዘንግ ሁለት አጭር ዘንግ አደረገው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ተነስቼ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

---

ከሽቱትጋርት

ፈረስ ጉልበት፣ ሁሉም ልክ ነው፤ አንዷን ብቻ ላስተካክል። ቦክሰር አይደለም። በቦክሰር ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ፒስተኖች እያንዳንዳቸው ክራንክሻፍቱ ላይ የራሳቸው መያዣ አላቸው። ስለዚህ አንድ ላይ ይቀርባሉ፣ አንድ ላይ ይራራቃሉ። በ917 ሁለቱ አንድ መያዣ ይጋራሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። 180 ዲግሪ የተከፈተ ቪ12 ነው። ከውጭ ሲያዩት አይለይም፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሁሉም ቦክሰር ይለዋል።

---

ቮልስ_ጠጋኝ

ልጆቼ ደህና አመሻችሁ። እኔ የእሽቅድድም መኪና በቲቪ እንጂ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ቮልስ ግን ከ30 ዓመት በላይ ጠግኛለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ልበል።

ያ ፒኤሽ የምትሉት ልጅ አያቱ ቮልስን የነደፈው ሰው ነው። ቮልስም ጠፍጣፋ ሞተር ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ ቬንትሌተር አለው። የቤቱ እጅ እንደሆነ ያስታውቃል።

በጎረምሳነቴ አንድ ደንበኛ ቮልሱን አመጣ። ሞተሩን አውርጄ ስመልስ፣ ዙሪያውን የሚሸፍኑትን ላሜራዎች ዝገው ስላየኋቸው «እነዚህ ደግሞ ምን ያደርጋሉ» ብዬ ትቻቸው ገጠምኩ። ሰውየው እንጦጦን ሲወጣ ሞተሩ ተቃጠለ። ያሠለጠነኝ ሰው አልተቆጣኝም። ላሜራዎቹን ከቆሻሻው መሀል አስለቅሞ አንድ በአንድ እንደገና አስገጠመኝ። እየገጠምኩ «አየሩ በየት ነው የሚሄደው?» እያለ ጠየቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ቬንትሌተሩ ምንም ቢነፋ አየሩን መንገድ ካላስያዝከው ሞተሩ ጋ አይደርስም።

ካንዴላ ልጄ፣ የትንኙ ታሪክ የሸተተህ ተረት አይደለም። አየር አይታይም። የነካው ነገር ግን ይታያል።

---

ካንዴላ_24

ጋሼ እድሜ ይስጥዎት። «አየሩ በየት ነው የሚሄደው» የሚለውን ይዤዋለሁ። የመኪናውስ በሽታ በትክክል ምን ነበር? አሽከርካሪዎቹ ምን ይሉ ነበር?

---

ከሽቱትጋርት

በአንድ ቃል፣ መንገድ አይይዝም። በረጅሙ ቀጥታ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ኋላው ይቀላል። ጎማዎቹ አስፋልቱን በደንብ አይጫኑም። መሪውን ቀጥ አድርገህ ብትይዝም መኪናው ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር ይዋልላል።

የመጀመሪያ ውድድሩ በሜይ 1969 ቤልጂየም ስፓ ላይ ነበር። ጆ ሲፈርት በልምምድ ሞከረውና ባለ 3 ሊትሩን 908 መረጠ። 917ቱን ይዘው የገቡት ጌርሃርድ ሚተር እና ኡዶ ሹትስ ናቸው፤ ሞተሩ ገና አንድ ዙር ሄዶ ሞተ። ቀጥሎ የጀርመኑ ኑርቡርግሪንግ ውድድር መጣ። የፋብሪካው አሽከርካሪዎች በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይህን አንነዳም አሉ። ፖርሽ ከውጭ ዴቪድ ፓይፐርን እና ፍራንክ ጋርድነርን ጠራ። 8ኛ ሆነው ጨረሱ። የጨረሱት በጀግንነት ነው።

አስቡት፤ ያኔ ከዓለም ደህና ከሚባሉት አሽከርካሪዎች ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ፈሪ አይደሉም።

መኪናው ከኋላ በኩል የሚንቀሳቀሱ ክንፎች ነበሩት። ከተሽከርካሪ እግሩ ጋር ተያይዘው ኋላው ከፍ ሲል ይነሳሉ፣ ዝቅ ሲል ይተኛሉ። በዚያው ዓመት ደግሞ በፎርሙላ ዋን ክንፍ እየተሰበረ አደጋ ስለበዛ የሚንቀሳቀስ ክንፍ ተከለከለ። ከብዙ ክርክር በኋላ 917 በሌ ማን እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። ግን ክንፎቹም በሽታውን አልፈወሱትም።

---

ፈረስ_ጉልበት

ሻንሲው ቀላል መሆኑም ያስፈራቸው ይመስለኛል። ከአሉሚኒየም ቱቦ የተበየደ ነው። ሙሉው ሻንሲ ከ50 ኪሎ በታች። አንድ ኩንታል ጤፍ እጥፉን ይመዝናል! መኪናው በሙሉ 800 ኪሎ አካባቢ። የአሽከርካሪው እግር ደግሞ ከፊት ጎማዎቹ መስመር አልፎ ወደፊት ነው የሚቀመጠው። ከፊት ቢጋጭ የሚቀድመው እግሩ ነው።

ቱቦዎቹ ውስጥ ጋዝ በግፊት ይሞሉ ነበር። ጌጁ ከወረደ አንድ ቦታ ብየዳው ተሰንጥቋል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ቱቦዎች ደግሞ ዘይት ወደ ፊት የሚያደርሱ መስመሮች ናቸው። አንዱን ዕቃ ሁለት ሥራ ማሠራት ማለት ይህ ነው።

---

ከሽቱትጋርት

የማርሹን ጭንቅላት ረሳህ። ዙፈንሀውዘን ያለው ሙዚየም ሄጄ 917 አጠገብ ቆሜ አውቃለሁ። ከሁሉ ዓይኔ የሄደው እዚያች ላይ ነው። የማርሹ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ኳስ የባልሳ እንጨት ናት። ልጆች የአውሮፕላን ሞዴል የሚሠሩበት፣ በጥፍር የሚጫረው ቀላል እንጨት። ጥቂት ግራም ለማትረፍ ነው። 520 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ላይ! ቆሜ ብዙ አየኋት። የእጅ መዳፍ የምትሞላ ቡናማ ነገር ናት። ስምንት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጡት ሰዎች ድካም እዚያች ውስጥ ታየኝ።

---

የቆየ_ተመልካች

ስለ ቴክኒኩ ስታወሩ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ሰው ሳይነሳ እንዳያልፍ። ጆን ዉልፍ።

እንግሊዛዊ ነው። 917ን በራሱ ገንዘብ የገዛ የመጀመሪያው የግል ደንበኛ። በጁን 1969 ሌ ማን ላይ በመጀመሪያው ዙር ሜዞን ብላንሽ የሚባለው ቦታ መኪናው ከእጁ ወጣ። ቀበቶውን አላሰረም ነበር። ሞተ።

ያላሰረው ችላ ብሎ አይደለም፤ አነሳሱ ነው። ያኔ አሽከርካሪዎች ከመንገዱ ማዶ ቆመው ምልክት ሲሰጥ ሮጠው ይሻገራሉ፣ ዘለው ይገባሉ፣ ይነዳሉ። ቀበቶ ያሰረ ይቀደማል። በዚያው ዕለት ዣኪ ኢክስ ይህን ተቃውሞ ሳይሮጥ በእግሩ እየሄደ መኪናው ጋ ደረሰ። ቀበቶውን ረጋ ብሎ አሰረ። መጨረሻ ላይ ተነሳ። በማግስቱ አሸነፈ። ከ1970 ጀምሮ አሽከርካሪዎች ቀበቷቸውን አስረው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነው የተነሱት።

በዚያው ውድድር የቪክ ኤልፎርድ እና የሪቻርድ አትዉድ 917 ለረጅም ሰዓት መርቶ፣ ሊያልቅ 3 ሰዓት ያህል ሲቀረው የፍሪሲዮኑ ቤት ተሰንጥቆ ቆመ። ኢክስ በፎርድ ጂቲ40 የቀደመው የፖርሽ 908ን የያዘውን ሃንስ ኸርማንን ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ልዩነታቸው 120 ሜትር አካባቢ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኸርማን።

---

ካንዴላ_24

ስለ ዉልፍ ስላነሱ አመሰግናለሁ። እኔም ሳላውቀው ነው ክሩን የከፈትኩት። ነፍስ ይማር።

---

ከሽቱትጋርት

ልክ ነው፤ እሱን ሳናነሳ ይህን ታሪክ ማውራት አይሆንም።

አሁን ወደ ትንኙ።

ያ አሸናፊ ጂቲ40 የጆን ዋየር ቡድን ነበር። ገልፍ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ የሚደግፈው፣ ፈዛዛ ሰማያዊና ብርቱካን ቀለም ያለው። ፖርሽ ያሸነፈውን ቡድን ራሱን ቀጠረ። ለ1970 መኪናውን እናንተ አወዳድሩልን አለ። በኦክቶበር 1969 ሁለቱ ወገኖች ኦስትሪያ ውስጥ ዜልትቬግ ያለው ኦስትሪያሪንግ ላይ ተገናኙ። በኦገስት 917 የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው እዚያው ነበር፤ በጆ ሲፈርት እና በኩርት አረንስ። ድሉ ግን በሽታውን አላጠፋውም።

ብራያን ሬድማን እና አረንስ እየተፈራረቁ ነዱት። ያው ነው። ይዋልላል። ፖርሽ ለአሜሪካው የካን ኤም ውድድር የሠራውን ክፍት 917ም አምጥቶ ነበር። ሞተሩ ያው፣ ሻንሲው ያው፣ ጅራቱ ግን አጭርና ወደ ላይ የቀና። ያኛው የተሻለ ይነዳል። ልብ በሉ፤ ሁለቱን የሚለያቸው ከላይ ያለው ልብስ ብቻ ነው።

የዋየር ዋና መሐንዲስ ጆን ሆርስማን መኪናውን ዞሮ ያየዋል። ቦታው በትንኝ የተሞላ ነው። አፍንጫው፣ የፊት ፓራፋንጎው፣ መስታወቱ በሞቱ ትንኞች ተዥጎርጉሯል። ወደ ኋላ ሲሄድ ግን ይሳሳል። መጨረሻ ላይ ያሉት ክንፎች ጋ ሲደርስ ንጹሕ ነው። ትንኝ የሚባል የለም።

አየሩ ወደ ክንፎቹ ቢደርስ ትንኙም ይደርስ ነበር። ከጣሪያው በኋላ ጅራቱ ቁልቁል ስለሚወርድ አየሩ ከላዩ ለቆ በላይ በላይ ያልፋል። ክንፎቹ አየር በሌለበት ነው የቆሙት።

ሆርስማን ከመካኒኮቹ ጋር እዚያው ላሜራ አስመጣ። የአሉሚኒየም ላሜራ፣ ብሎን እና ፕላስተር። ጅራቱን አሳጠሩት። የላይኛውን ፊት ወደ ጣሪያው ከፍታ እንዲጠጋ አቀኑት። መልኩ ያስጠላ ነበር። ሬድማን ይዞት ወጣ። አንድ ዙር ሄዶ ይመለሳል ሲሉ አልተመለሰም። ደጋገመው። ሲመለስ መኪናው ተለውጧል አለ። አረንስም ገብቶ መሰከረ። ሰዓቱም ወረደ።

ያ ቅርጽ በፋብሪካ ተስተካክሎ 917ኬ ሆነ። «ኬ» በጀርመንኛ አጭር ጅራት ከሚለው ቃል የመጣች ናት።

---

ቮልስ_ጠጋኝ

እህ! ይህ እኮ የባትላሜራ ሥራ ነው። ሙሉ ፋብሪካ ያልፈታውን ባትላሜራ ፈታው። ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ላሜራ የሚወቅጠውን ልጅ ጠርቼ ይህን አነብለታለሁ። ከሞተር ሠሪው ያነሰ መስሎት አንገቱን ይደፋል።

---

መካኒካል_4ኛ_ዓመት

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። አቧራማ መንገድ ሄዶ ሲመለስ ከሁሉ የሚቆሽሸው የኋላ መስታወቱ ነው። ጣት አስገብተህ ስም ትጽፍበታለህ። በቁልቁል የተቆረጠ ኋላ አየር የማይነካው ከሆነ አቧራው እንዴት ይደርሳል? የሆርስማን ሐሳብ ከዚህ ጋር አይጋጭም?

---

ከሽቱትጋርት

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አይጋጭም፤ እንዲያውም አንድ ነገር ናቸው።

ሚኒባሱ ኋላ ላይ አየሩ ተቆርጦ ይለቃል። ባዶ የሆነው ቦታ ውስጥ አየር ይሽከረከራል፣ ይመለሳል። የጎማው አቧራ ደግሞ ዱቄት ነው። ቀላል ስለሆነ ሽክርክሪቱ ይዞት ይዞርና መስታወቱ ላይ ያራግፈዋል። ትንኝ ከዱቄት ይከብዳል። አየሩ ድንገት ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ አይችልም፤ በያዘው አቅጣጫ ሄዶ ፊት ለፊቱ ያለውን ይመታል። ስለዚህ ትንኝ የተለጠፈበት ቦታ አየር በጉልበት የሚመታው ቦታ ነው። አቧራ የለበሰ ቦታ ደግሞ አየር ለቆት ሽክርክሪት የቀረበት ነው። ሁለቱም ምስክር ናቸው፤ የሚመሰክሩት ነገር ግን ይለያያል።

---

ፈረስ_ጉልበት

እኔ ግን ትንሽ ልከራከር። ሁሉን ለትንኙ አትስጡ። ያ ሞተር ባይኖር ጅራቱን ብታቀናው ምን ይጠቅማል? 24 ሰዓት ሙሉ የሚሠራ በአየር የሚቀዘቅዝ 12 ሲሊንደር የነበረው ፖርሽ ብቻ ነው። ፌራሪ በ1970 25 ባለ 5 ሊትር 512ኤስ ሠርቶ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው የአሜሪካውን የሴብሪንግ ውድድር ብቻ ነው።

---

ከሽቱትጋርት

ሞተሩን ማን ያሳንሳል። ግን ያው ሞተር በ1969ም ነበረ። አሽከርካሪው የማያምነው መኪና ላይ ፈረስ ጉልበት ቢጨመር የሚጨመረው ፍርሃት ነው። ከጅራቱ በኋላ ሰዎቹ ነዳጁን እስከ መጨረሻ መርገጥ ጀመሩ። ያ ነው ልዩነቱ።

በጃንዋሪ 1970 መጨረሻ አሜሪካ ዴይቶና ላይ ፔድሮ ሮድሪጌዝ፣ ሌዮ ኪኑነን እና ሬድማን 24 ሰዓቱን አሸነፉ። በኤፕሪል እንግሊዝ ብራንድስ ሃች ላይ ዝናቡ ወረደ። ሮድሪጌዝ የማስጠንቀቂያ ባንዲራ እያለ ቀድሟል ተብሎ ተጠርቶ ተገሠጸ። ተመለሰና በጎርፍ ላይ ያንን ዓመት በፊት ማንም በደረቅ የማይነዳውን መኪና እንደ ጀልባ ቀዘፈው። 5 ዙር ቀድሞ ጨረሰ።

---

የቆየ_ተመልካች

ያዙልኝ ያልኳችሁ ስም አሁን ይመጣል።

ጁን 1970፣ ሌ ማን። ዝናብ። 51 መኪና ተነሳ። ተቆጥሮላቸው የጨረሱት 7 ናቸው። ከዋየር ሰማያዊ መኪኖች አንዳቸውም አልጨረሱም። ያሸነፈው ቁጥር 23 ነው፤ የፖርሽ ዛልትስቡርግ ቡድን ቀይና ነጭ 917ኬ። አሽከርካሪዎቹ ሪቻርድ አትዉድ እና ሃንስ ኸርማን። ፖርሽ ሌ ማንን በአጠቃላይ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው።

አትዉድ ዓመት በፊት መርቶ የቆመበት ሰው ነው። ኸርማን ዓመት በፊት በ120 ሜትር ያጣው ሰው ነው። ኸርማን ካሸነፍኩ አቆማለሁ ብሎ ለባለቤቱ ቃል ገብቶ ነበር። አሸነፈ። አቆመ። እኔ ይህን ሳስብ ሁሌም ዓይኔ ይሞላል።

---

ካንዴላ_24

በ1971ስ?

---

ፈረስ_ጉልበት

በ1971 ሞተሩ 4.9 ሊትር ደረሰ። ሄልሙት ማርኮ እና ሃይስ ቫን ሌኔፕ አሸነፉ። ማርኮ ያው ለዓመታት በሬድ ቡል የምታውቁት ሰውዬ ነው። የያዙት መኪና ሻንሲው ማግኒዥየም ነበር። ከአሉሚኒየም ይቀላል፤ እሳት ከያዘው ግን አይጠፋም።

በ24 ሰዓት 5,335 ኪሎ ሜትር ሄዱ። አማካይ ፍጥነታቸው 222 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ነዳጅ ለመቅዳት፣ ጎማ ለመቀየር የቆሙበትም ተቆጥሮ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ደርሶ መልስ ከሦስት ጊዜ በላይ፣ ያውም ሌሊቱን ጨምሮ። ያ የርቀት ሪከርድ እስከ 2010 ማንም አልነካውም።

በዚያው ዓመት ረጅም ጅራቱም ተመልሶ መጣ። ይህኛው ግን ከፈረንሳይ የአየር ቅርጽ ባለሙያዎች ጋር በደንብ ተጠንቶ ነው። ሙልሳን በሚባለው የሌ ማን ረጅም ቀጥታ ላይ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ፣ መንገዱንም ያዘ። ያሸነፈው ግን አጭር ጅራቱ ነው።

---

ዲሲ_ነኝ

ዘግይቼ መጣሁ። ከዚህ ከአሜሪካ በኩል ያለውን ልጨምር።

ለ1972 ደንቡ ተቀየረ። ሁሉም 3 ሊትር ሆነ። 917 ከሌ ማን ወጣ። ፖርሽ ግን አልጣለውም፤ ገደብ ወደሌለበት ወደ ካን ኤም አመጣው። መጀመሪያ 16 ሲሊንደር ሞክረው ነበር። ትተውት ቱርቦ መረጡ። ከሮጀር ፔንስኪ ቡድን ጋር ማርክ ዶናሁ ራሱ መሐንዲስ ስለነበር ቁጭ ብሎ አብሯቸው አስተካከለው። በ1972 ጆርጅ ፎልመር፣ በ1973 ዶናሁ ዋንጫውን ወሰዱ። የዶናሁው 917/30 ከ1,100 ፈረስ ጉልበት በላይ ነበረው።

በኦገስት 1975 ዶናሁ በዚያው መኪና ታላዴጋ ላይ በአማካይ 355 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዞረ። በዚያው ወር በፎርሙላ ዋን ልምምድ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። አደጋው የደረሰው ኦስትሪያሪንግ ላይ ነው። ያ ትንኙ የታየበት ሜዳ።

---

ከሽቱትጋርት

ይህን ሁለቱን አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ።

---

መካኒካል_4ኛ_ዓመት

ሰላም፣ ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። የእናንተን ክር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የአጎቴን ሚኒባስ ለመንኩ። ከእናቴ የሹራብ ክር ቆርጬ፣ ጣት ጣት የሚያህሉ 40 ክሮች ከጣሪያው አጋማሽ ጀምሮ እስከ ኋላ መስታወቱ ድረስ በፕላስተር ለጠፍኩ። አጎቴ ነዳ። እኔ ጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ ተፈናጥጬ በስልክ ቀረጽኩ።

ጣሪያው ላይ ያሉት ክሮች በሙሉ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተኙ። ጣሪያው ጫፍ ላይ ያሉት ይንቀጠቀጣሉ። መስታወቱ ላይ ያሉት ግን ወደ ታች አልወረዱም። ወደ ላይ ነው የቆሙት! አንዳንዶቹ ክብ እየሠሩ ይዞራሉ። ሽክርክሪቱን በዓይኔ አየሁት።

ቀጥሎ ጣሪያው ጫፍ ላይ የካርቶን ክንፍ ለጥፌ ክሮቹ ምን እንደሚሆኑ ማየት እፈልጋለሁ። ጋሼ ቮልስ ጠጋኝ፣ ካርቶኑ በንፋስ ይገነጠላል ብዬ ፈርቻለሁ። የተረፈ ቀጭን ላሜራ ይኖርዎታል?

---

ቮልስ_ጠጋኝ

አለኝ ልጄ። ቅዳሜ ጠዋት ና። ሚኒባሱንም ይዘህ ና፤ ባትላሜራው ልጅ ልክህን ይዞ ይቆርጥልሃል። ክሮቹን እንዳትነቅላቸው፤ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።